አሮጌ አምፕሊፋየር ላላችሁ፦ ድሬዳዋ መጋላ ያለው ጥገና ቤት

ድሬዳዋ ወይም ሐረር የምትኖሩ፣ ቤታችሁ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ የጃፓን አምፕሊፋየር ያላችሁ ሰዎች፣ ዕቃው ሲበላሽ ላገኛችሁት ሁሉ አትስጡ። መጋላ ውስጥ አንድ ጥገና ቤት አለ። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ታፔላም የለውም። ግን አሮጌ ኦዲዮ ላይ እኔ የማምነው ይሄን ቤት ነው። "ጎበዝ ነው ሂዱ" ብቻ ብዬ ብተወው ለማንም ስለማይጠቅም ምን እንደሠራልኝ በዝርዝር ልጻፈው።

ዕቃዬ ሂታቺ ኤችኤምኤ 7500 ነው። ፓወር አምፕሊፋየር ብቻ ነው። ራዲዮ የለውም፣ ከፊቱ ድምፁን የሚያዘጋጅለት ፕሪአምፕሊፋየር ካልተቀጠለለት አይሠራም። አባቴ ድሮ በጅቡቲ በኩል ያስመጣው ነው። ሠርግም ሆነ ዒድ ያለሱ አልፎ አያውቅም ነበር።

የዚህ ዕቃ ጣጣው ትራንዚስተሩ ነው። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1977 አካባቢ ለኦዲዮ ብሎ ላተራል ሞስፌት የሚባለውን የትራንዚስተር ዓይነት አወጣ። ጥንዶቹ 2ኤስኬ134 እና 2ኤስጄ49 ናቸው፤ ባለሙያዎች አሳጥረው ኬ134 እና ጄ49 ይሏቸዋል። ያኔ አብዛኛው አምፕሊፋየር የሚሠራው በባይፖላር ትራንዚስተር ነበር። ባይፖላር ሲሞቅ ብዙ ከረንት ያሳልፋል፣ ከረንቱ ሲበዛ ደግሞ ይብስ ይሞቃል፣ የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ከሌለ እስኪቃጠል ድረስ ይሄዳል። ላተራሉ ግን 100 ሚሊአምፔር ገደማ ካለፈ በኋላ ሲሞቅ ከረንቱን ራሱ ይቀንሳል። እንደ ድሬ ላለ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ችግሩ ማምረት ካቆሙ ስንት ዘመን ሆነ! እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ብትዞሩ ኤስቲኬ የሚባለውን የአምፕሊፋየር ቺፕ ታገኛላችሁ፣ 5200 እና 1943 የሚባሉት ባይፖላር ትራንዚስተሮች እንደ ልብ ናቸው። ኬ134 አለህ ወይ ብትሉት ግን ባለሱቁ ዝም ብሎ ያያችኋል።

አምፕሊፋየሬ መጋላ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ተሠርቶ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። የግራው ቻናል ድምፅ ቆርጦ ነበር የሰጠሁት። "ትራንዚስተር ቀይረናል" ብለው መለሱልኝ። ቤት ወስጄ ስሰካው እምምም ብሎ ጮኸና ጭስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው ብዬ ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ስለ መጋላው ሰው የነገረኝ ለገሃሬ ያለ ጓደኛዬ ነው።

ሰውዬው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ጭስ መውጣቱን እንደነገርኩት "እንዳትሰካው!" አለኝ። ክዳኑን ፈታ። መጀመሪያ ያየው ትራንዚስተሩን ሳይሆን ፊውዙን ነበር። ፊውዙ ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ ነበር። አቦ! እኔ እስከዚያ ቀን አላየሁትም። ሽቦውን በጉጠት ይዞ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ፣ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ተቀይሯል የተባለውን ትራንዚስተር አወለቀ። ሁለት እግር ያለው፣ ቆብ የሚመስለው የብረት ትራንዚስተር ነው፤ ቲኦ-3 የሚሉት። ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አደረገ፤ ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቀዩን ገመድ የብረቱ ቆብ ላይ፣ ጥቁሩን እግሩ ላይ። ምንም የለም። ገለበጠው። አሁን ቁጥር መጣ።

"አቦ ይሄ የሱ አይደለም" አለኝ። "ቅርጹ አንድ ነው፣ ሆዱ ሌላ ነው።"

ነገሩን አስረዳኝ፣ እኔም ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ማወቅ ዕቃ ያድናል። ሞስፌት ሦስት ጫፍ አለው፦ ከረንቱ የሚያልፍባቸው ሶርስና ድሬይን፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ ጌት። የሂታቺው ኬ134 የብረት ቆቡ ሶርስ ነው። የገጠሙልኝ አይአርኤፍ240 የሚባል ሌላ ዓይነት ሞስፌት ነበር፤ የሱ ቆቡ ድሬይን ነው። ሁለቱም ቲኦ-3 ስለሆኑ ቀዳዳው ይገጥማል፣ ብሎኑም ይገጥማል። ግን እንደ ኬ134 ያለ ሞስፌት ውስጡ ከሶርስ ወደ ድሬይን የሚያሳልፍ ዳዮድ አለው፤ በጥንዱ ላይ ተቃራኒ ነው። ድሬይኑና ሶርሱ ቦታ ሲቀያየሩ ዳዮዱ ተገልብጦ ይቀመጣል። ጥንዱ አይአርኤፍ9240ም እንዲሁ ተገጥሞ ነበር። ስለዚህ ገና ሲሰካ ከፕላሱ ወደ ማይነሱ በሁለቱ ዳዮድ አልፎ በቀጥታ ይፈሳል። ፊውዙ በየጊዜው ይቃጠል የነበረው ለዚህ ነው። ፊውዙ ሲያስቸግራቸው ሽቦ አደረጉበት፣ ሽቦው ደግሞ አልቃጠል ሲል የሚቃጠለው ሌላው ሆነ። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ሬክቲፋየር ከሰል ሆኖ ነው የተገኘው።

እግሩን አቀያይረው በትክክል ቢገጥሙት እንኳ አይሆንም ነበር። ላተራሉ ጌቱ ላይ ከአንድ ተኩል ቮልት በታች ሲያገኝ ነው መክፈት የሚጀምረው፣ አይአርኤፉ ከሁለት እስከ አራት ቮልት ይፈልጋል። ያ ይቅር፣ ባያሱን፣ ማለትም ድምፅ ሳይኖር የሚያልፈውን ከረንት፣ አስተካክለው አስነሱት እንበል፤ አይአርኤፍ አምፕሊፋየር በሚሠራበት ከረንት ላይ ሲሞቅ የበለጠ ይከፍታል። የሂታቺው ቦርድ ደግሞ ትራንዚስተሩ ራሱን ይጠብቃል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሙቀት አይቶ ባያስ የሚቀንስለት ነገር የለም። አንድ ምሽት ሠርቶ ሌላ ምሽት ይነዳል።

ይሄን ሁሉ ካየ በኋላ ሰውዬው ያደረገውን ነገር ነው በጣም የወደድኩት። ለመሥራት አልተጣደፈም። "ሁለት ምርጫ አለህ" አለኝ። "በ5200 እና በ1943 ሌላ ቦርድ ልሠራልህ እችላለሁ፣ በሳምንት ትወስደዋለህ። ግን ያኔ ሳጥኑ ብቻ ነው ሂታቺ የሚሆነው። ወይ ደግሞ ትክክለኛውን አምጣልኝና እጠብቃለሁ።" ለምርመራው ትንሽ ገንዘብ ተቀበለኝ፣ መጨረሻ ላይ ከጠቅላላው ሒሳብ ቀነሰው። ስንት ቤት ነው "ነገ ና" እያለ ዕቃ ከፍቶ የሚያስቀምጠው! እዚህ ቤት ግን የሌለው "የለም" ይባላል፣ ያለው ደግሞ "አለ" ይባላል።

ትክክለኛውን ፍለጋ ወራት ወሰደ። መጀመሪያ አንድ ነጋዴ አዲስ ኬ134 አለኝ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ርካሽ ነበር። ፎቶውን ሳሳየው ሰውዬው ስልኬን አጠገቡ አድርጎ አየውና "ጽሑፉን እየው፣ ቆቡ ላይ የመፋቅ ምልክት አለ፣ ፍቀው ነው ያተሙት" አለኝ። እውነትም ቆቡ ላይ ቀጫጭን ጭረት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ አዲስ ተብሎ በጅምላ የሚሸጥ ከሆነ መጠርጠር ነው። ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ከገዛችሁም በዚያ የቴስተር ዘዴ ፈትሹት፤ ለኬ134 ቀዩን ቆቡ ላይ ጥቁሩን ድሬይኑ ላይ ስታደርጉ ዳዮድ ካላሳየ ወይ ላተራል አይደለም ወይ ሞቷል። ለጄ49 ገመዱን ገልብጡት።

መፍትሔው ከእንግሊዝ መጣ። ቢዩዜድ900 እና ቢዩዜድ905 የሚባሉ ጥንዶች አሉ። ላተራል ናቸው፣ ቲኦ-3 ናቸው፣ ቆባቸውም ሶርስ ነው። ቦርዱ ሳይነካ ይገጥማሉ፤ በቮልቴጅም በከረንትም ከድሮው አይተናነሱም። ከዚህ ሆኖ በባንክ ካርድ ከውጭ ሱቅ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት ነው፤ ለንደን ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ገዝታ በመጣ ሰው የላከችልኝ። ለመለዋወጫው ብዙውን ወጪ ያወጣሁት እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ሰውዬው ዝም ብሎ አልገጠመውም። እጁን ከምድር ጋር የተያያዘ ብረት አስነክቶ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ የሞስፌት ጌት በስታቲክ ብቻ ይሞታል። በባትሪና በሬዚስተር የእያንዳንዱን የጌት ቮልቴጅ ለካና በወረቀት ጻፈ። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አደረገ። የቀኙንም ቻናል አብሮ ለመቀየር ፈልጌ ጠይቄው ነበር። "የሚሠራ ኬ134 አታውልቅ" አለኝ። "የቀኙ ጤነኛ ነው፣ እሱን ተወው።" ብዙ ብር ነው የተረፈልኝ።

ራዲያተሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓስት ደርቆ ተፈርክሶ ነበር። በአልኮል ጠረገው፣ በመሃል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከለውን ማይካ ቀየረ፣ አዲስ ፓስት ስስ አድርጎ ቀባ። ብዙዎች ፓስት ሲበዛ ጥሩ ይመስላቸዋል፤ አይደለም፣ ክፍተት መሙላት ብቻ ነው ሥራው። ትልልቆቹን የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች 105 ዲግሪ በተጻፈባቸው ነው የተካቸው። 85 ዲግሪ የሚል ይዤለት ሄጄ ነበር፣ አልተቀበለኝም። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ያህል ይሆናል። ግንቦት ላይ የድሬን ቤት ሙቀት አስቡትና ፍረዱ። ሬክቲፋየሩ እዚሁ ከተማ ተገኘ። ትራንስፎርመሩ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ።

የመጀመሪያውን ማስነሳት አብሬው ሆኜ ነው ያየሁት። በቀጥታ አልሰካውም። ክር ያለው 100 ዋት አምፖል በተከታታይ ቀጠለበት። አሁን ሁሉም ኤልኢዲ በሆነበት ዘመን ይሄ አምፖል ራሱ ብርቅ ነው፤ ኤልኢዲ ለዚህ አያገለግልም፣ ክር ነው የሚያስፈልገው። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ከረንቱን ክሩ ይይዘውና ትራንዚስተሩ ይተርፋል። ማብሪያውን ጫነ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ፈዘዘና ክሩ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ። አምፖሉን ከማንሳቱ በፊት ስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) አለመኖሩን በቴስተር አየ። ከዚያ በኋላ ነው ባያሱን ያስተካከለው፤ ሲቀዘቅዝ ለካ፣ ግማሽ ሰዓት አስሞቀውና ደግሞ ለካ። ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም።

ድምፁስ? ቤት ወስጄ የአሊ ቢራን ካሴት ነው ያስቀደምኩት። የድሬ ልጅ ነው፣ ሌላ ማንን ላስቀድም! የኡዱ ወፍራም ክር ሲመታ ደረት ላይ ይሰማል፣ ግን አይጎረብጥም። ግራና ቀኙ እኩል ሆኗል። አዲሱና አሮጌው ትራንዚስተር ጎን ለጎን እየሠሩ ልዩነት ለመስማት ብዙ ሞከርኩ፣ አልሰማሁም። በጋውን ሙሉ ሠርቷል፣ ራዲያተሩ ይሞቃል እንጂ እጅ አያስነሳም።

አሁን የማይመቸኝን ልናገር። ስልክ አያነሳም፣ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው። ደረሰኝ አይሰጥም፣ ዋስትናም በጽሑፍ የለም፤ ቃሉ ነው ያለው። እኔ ቃሉን አገኘሁት፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቢፈርም ምን ነበረበት። ቤቱ አቧራማ ነው፤ የተከፈተ ዕቃ ጨርቅ ብቻ ነው የሚለብሰው፣ ይሄ መስተካከል አለበት። ደግሞ የሚቸኩል ሰው አይሂድ። አንድ ዕቃ ሲይዝ ሌላውን አይነካም፣ ተራችሁን ትጠብቃላችሁ። ዋጋውን ግን አላማርርም። የእጁን ብቻ ካሰብነው የጠየቀኝ አንድ መካከለኛ አዲስ የቻይና ስፒከር ከሚገዛበት በታች ነው። እንደኔ ከሆነ ለዚህ ሥራ ያንሳል።

ቤት ስትመልሱት እሱ የሚለውን ስሙት። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ዝጉ፣ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋ ቆዩ። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዙለት። ከላዩ ላይ ዲኮደር ወይም ዳንቴል አትከምሩበት፣ አየር መውጫው እዚያ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ በጠዋት ሂዱ። ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደ ከተማው ሁሉ ይዘጋል፣ የሚከፍተው አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ አርብ ደግሞ ጠዋትም አጭር ነው። ከከዚራ በኩል የምትመጡ በባጃጅ ኑ፣ ዕቃው ይከብዳል። መጋላ ገብታችሁ ኦዲዮ የሚሠራውን ጠይቁ፣ የማያሳያችሁ የለም። አምፕሊፋየሩ ተነካክቶ ከሆነ ማን ምን እንደቀየረ ንገሩት። ከውስጡ የወለቀ ትራንዚስተር፣ የተቃጠለም ቢሆን፣ አትጣሉ፤ ይዛችሁለት ሂዱ፣ ቆቡ ላይ ያለው ቁጥር ያስፈልገዋል።