ውልና ማስረጃ አጠገብ ስላለችው ውል አዘጋጅ ቢሮ

የሱቅ ወይ የመጋዘን ኪራይ ውል ልታጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ቢሮ ሳልጠቁማችሁ ማለፍ አልፈለኩም፣ ስሟን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ። እዛ አካባቢ ብዙዎቹ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የድሮ ውል ከፍተው ስምና ብር ቀይረው ፕሪንት አርገው ይሰጧችኋል፣ እዚች ግን ጠበቃዋ አከራያችን ይዞት የመጣውን ረቂቅ ቁጭ ብላ ከላይ እስከ ታች አንብባ አህጽሮተ ቃል ያለበትን ሁሉ በእስክሪብቶ አከበበችበት።

እኛም ኃ/የተ/የግ/ማ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ነን አከራዩም ኃ/የተ/የግ/ማ ነው፣ ረቂቁ ላይ ደሞ «ድርጅቱ የመብራትና የውሃ ይከፍላል» ይላል። የትኛው ድርጅት? ነገ ፍርድ ቤት ብንሄድ ሁለታችንም «ድርጅቱ አንተ ነህ» ነው የምንባባለው። እሷ መጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለታችንንም ሙሉ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ጻፈችና «ከዚህ በኋላ ‹አከራይ› እየተባለ የሚጠራ» «ከዚህ በኋላ ‹ተከራይ› እየተባለ የሚጠራ» ብላ አሰረችው፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ገጽ አከራይ አከራይ ነው፣ አንዴ አከራይ አንዴ ውል ሰጪ አንዴ ድርጅቱ የሚባል ነገር የለም።

ሌላው ቫት ነው። ረቂቁ አንድ ቦታ ቫት ሌላ ቦታ ተ.እ.ታ ይላል፣ ብሩ ላይ ይጨመር ይካተት ደሞ የትም አልተጻፈም። በወር 40,000 ብር በሆነ ኪራይ ላይ 15% ማለት እኮ 6,000 ብር ነው፣ በየወሩ! እሷ «ተጨማሪ እሴት ታክስ (ከዚህ በኋላ ‹ተ.እ.ታ›)» ብላ አንዴ ተርጉማው «ኪራዩ ተ.እ.ታን ያካትታል» ብላ ዘጋችው።

ስም ላይማ ጭራሽ አትደራደርም። ተ/ማርያም ብሎ ነገር የለም፣ ተክለማርያም ይሁን ተስፋማርያም ማን ያውቃል፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ሙሉውን ፊደል በፊደል ነው የምትጽፈው። ቀኑም ላይ ዓ.ም ወይ እ.ኤ.አ ሳይባል አይታለፍም። ይሄ ማካበድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፣ ለኔ ግን ገንዘቡን የከፈልኩት ለዚህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እኮ 1733 ላይ ግልጽ የሆነን ውል ዳኛ ልተርጉመው ብሎ ከቃሉ መውጣት አይችልም ይላል፣ ግልጽ ካልሆነ ነው የተዋዋዮቹ ሐሳብ ምን ነበር ተብሎ ፍለጋ የሚገባው፣ እዛ ውስጥ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። መጨረሻው ላይ እንደ ሁሉም ቢሮ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 1889 እና 1890 መሠረት» ብለው በደፈናው ይጽፋሉ። ይሄን ያህል የሚጠነቀቅ ቢሮ ይሄንንም አንዴ «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር» ብሎ ቢፈታው ምን ነበረበት፣ ምክንያቱም 1889 እና 1890 የሚያወሩት ውል ያፈረሰ ሰው ስለሚከፍለው አስቀድሞ ስለተቆረጠ ካሳ ነው፣ ፈራሚው ገብቶት ሊፈርም ይገባል። ስጠይቃት በደንብ አስረድታኛለች ግን ያልጠየቀ ሰው አንብቦ የሚያልፈው ነው የሚመስለኝ።

ዋጋቸው ከጎረቤቶቹ ወደድ ይላል፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ዛሬውኑ ፈርሜ ልሂድ ለሚል አይሆንም። ስትሄዱ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና መታወቂያ ኮፒ ያዙ፣ ረቂቁን በቴሌግራም ይልኩላችኋል፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።