ኤችኤምኤስ ቤልፋስት፦ ለንደን የሚመጣ ሁሉ ገብቶ ሊያያት የሚገባ መርከብ

ለንደን እንግዳ ሲመጣብን ታወር ብሪጅ እንወስደዋለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ እንመለሳለን። እዚያው አጠገብ ቴምዝ ላይ የቆመችውን ግራጫ የጦር መርከብ ግን ብዙዎቻችን ገብተን አናይም። ያስቆጫል!

ቤልፋስት ውኃ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከ1971 ወዲህ ሙዚየም ናት። ጎብኚው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ 12ቱ ባለ ስድስት ኢንች መድፎች ነው። አይፈረድበትም፣ ያስደምማሉ። እኔ ግን ሁሌም የምቆመው ውጊያው በሚመራበት የኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ፣ የራዳሮቹ መመልከቻ ጋ ነው።

ምክንያት አለኝ። ኅዳር 1939 ላይ፣ ገና አዲስ ሳለች፣ ስኮትላንድ ዳርቻ የጀርመን መግነጢሳዊ ፈንጂ ሥሯ ፈነዳ። ፈንጂው ሊነካት አላስፈለገውም፤ በላዩ ስታልፍ የብረቷ መግነጢስ ብቻ በቃው። የጎኗ ብረት ምንም አልፈየደላትም፣ አከርካሪዋ ተሰበረ። ጥገናው እስከ 1942 መገባደጃ ዘለቀ። ስትመለስ የተሻለ ራዳር ተገጥሞላት ነበር።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1943፣ ከኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ወዲያ፣ በዚያ ወራት ፀሐይ በማትወጣበት ባሕር፣ ሻርንሆርስት የተባለችው የጀርመን መርከብ ወደ ሶቪየት ኅብረት ስንቅና ትጥቅ የሚያጓጉዙ መርከቦችን ልትመታ መጣች። የቤልፋስት ራዳር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ አገኛት። ኖርፎክ የተባለችው ሌላዋ የእንግሊዝ መርከብ የተኮሰችው ጥይት ደግሞ የሻርንሆርስትን የፊት ራዳር አወደመው። ትልልቅ መድፎቿ እንዳሉ ናቸው፤ የምታይበት ዓይን ግን የላትም። ቤልፋስት በጨለማ እየተከተለች ዱክ ኦፍ ዮርክ የተባለችውን ትልቅ መርከብ አመጣችባት። ሻርንሆርስት ሰጠመች፤ ተሳፍሮባት ከነበረው ሁለት ሺህ ከሚጠጋ ሰው በሕይወት የወጡት 36 ብቻ ናቸው። እነዚያን ክብ የራዳር መስታወቶች ሳይ ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አይወጣም።

መርከቧን የሚያንቀሳቅሰው እንፋሎት የሚፈላበትን የቦይለር ክፍልም እንዳታልፉት። ከውኃው ወለል በታች ነው፤ ቱቦው፣ መዘውሩ፣ የግፊት መለኪያው ተጠላልፎ ሰው የሚያልፍበት ቦታ እንኳ ጠባብ ነው። እዚያ የሚሠራ መርከበኛ ከበላዩ ምን እየሆነ እንዳለ አያይም፣ የሚያውቀው ድምፁን ብቻ ነው።

መሰላሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ የላይኛውን ወለል ብቻ ይይ። የሕፃን ጋሪ ቤት ተዉት። ከለንደን ብሪጅ ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ከገባችሁ ቦይለሩ ጋ ሳትደርሱ ሊዘጋባችሁ ይችላል።