ለአሮጌ እርሻ የተገዛ የብረት መፈለጊያ
ይህን በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) የሚሠራ የብረት መፈለጊያ፣ ባለቤቱ ፈቃድ በሰጡኝ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ባለ አሮጌ እርሻ ላይ፣ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ለሳምንታት ሞክሬዋለሁ። ብቃቱ በይበልጥ የሚታየው የዛገ ምስማር በሞላበት የፈረሰ ቤት አካባቢ ነው፤ ቀጭን፣ ነገር ግን ከየትኛውም አቅጣጫ ሲዞሩባት የማትለዋወጥ ድምፅ ተከትዬ አንድ ስንዝር ያህል ብቆፍር፣ ከጀርባው ያለው ቀለበት የተሰበረ ጠፍጣፋ የናስ የልብስ ቁልፍ አገኘሁ። በዕድሜ ብዛት ነጭ ሽፋን ያወጣች የሙስኬት (የድሮ ረጅም ጠመንጃ) እርሳስ ጥይትም ወጥታለች። ሬያል የተባለው የስፔን የብር ሳንቲም፣ በአሜሪካ እስከ 1857 እ.ኤ.አ. ሕጋዊ መገበያያ የነበረ ቢሆንም፣ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ለዚህ መሣሪያውን አልወቅስም። የምወቅሰው ትልልቅ የዛገ ብረትን፣ በተለይ የማረሻ ስባሪን፣ አልፎ አልፎ እንደ ብር ማዕድን አድርጎ በማሳየቱ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ክንድ ማዛሉንም ገዢው ይወቀው።