ከጣርማበር ማዶ ሲደወል፦ ሰሜን ሸዋ ላይ የተጠቀምንባቸው የስልክ አገልግሎቶች

ከውጭ ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ስለ ስልክ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ ጀምሮ ቦሌ ያልቃል፦ ሲም የት ይገዛል፣ የትኛው ፓኬጅ ያዋጣል፣ ኢንተርኔቱ ይፈጥናል ወይ። ደብረ ብርሃን አልጋ ይዞ ለሚመለስ ይህ ይበቃዋል። ዘመዶቹ መንዝ፣ መርሐቤቴ፣ ሞረትና ጅሩ ወይም ከአንኮበር በታች ቆላው ላይ ላሉበት ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከተመለስን በኋላ እናታችን ጋ ስንደውል እናገኛታለን ወይ? ይህ ግምገማ የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ ነው። የጻፍነው ሰዎች ኑሯችን ውጭ፣ ሥራችን የሞባይል ኔትወርክ ነው። ዋጋ አላስገባንም፤ እስክታነቡት ይቀየራል።

ሲም በመግዛቱ በኩል የምናማርረው የለም። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮምና በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም፣ ሁለት አማራጮች አሉ፤ ሁለቱም ፓስፖርት ታይቶ ወዲያው ይሰጣሉ። ገጠር ለሚወጣ ሰው ሁለቱንም ገዝቶ ሁለት ሲም በሚይዝ ቀፎ ውስጥ መክተት ይሻላል፤ አንዱ የጠፋበት ኮረብታ ላይ ሌላው ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ይዛችሁት የምትመጡት ቀፎ ላይ ነው። አሜሪካ የተሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም። ክፍያው ያላለቀ ስልክም በሸጠው ድርጅት ስለሚቆለፍ የሌላ ሲም አይቀበልም፤ ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍቱት። ሁለቱንም ለማለፍ ቀላሉ መንገድ የሲም ማስገቢያ ያለው፣ ያልተቆለፈ ተራ አንድሮይድ ይዞ መምጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤት ስትደርሱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የእናታችሁ ሲም በማን ስም ነው? ገጠር ውስጥ ብዙ አረጋውያን የሚይዙት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በራሱ ስም ያወጣውን ሲም ነው። ስልኩ ወንዝ ሲሻገሩ ሲወድቅ ወይም ገበያ ላይ ሲሰረቅ፣ ያንኑ ቁጥር መልሶ ማውጣት የሚችለው የተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ከሆነ ቁጥሩም ሞተ፣ በቁጥሩ ላይ ያለው የሞባይል ገንዘብም ታሰረ። እረፍታችሁ ላይ አንድ ቀን ለይታችሁ እናታችሁን ከነፋይዳ መታወቂያዋ ወደ አገልግሎት መስጫው ውሰዷትና ስሙን አዛውሩ። በዚህ ጉዞ ከምትሠሩት ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው ነገር የለም።

አሁን ወደ ኔትወርኩ። ስልክን ወደ አገራችን ያስገቡት አፄ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ብዙም አትርቅም። ከእሳቸው ዘመን ጀምሮ ስልክ የሚሄደው መንገድን ተከትሎ ነው፤ ዛሬም የኔትወርክ ማማው የቆመው አስፋልቱን ይዞ ነው፤ መብራቱም፣ ፋይበሩም፣ ደንበኛውም ያለው እዚያው ነውና። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ፣ ከዚያም እስከ ጣርማበር ድረስ ሜዳው ላይ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነበራችሁ፤ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። በእያንዳንዱ ኩርባ ተራራው በእናንተና በማማው መካከል ይገባል፤ ጥሪ የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ ጨርሱ።

የስልክ ሞገድ ጠባዩ ወደ ብርሃን ያደላል። ማማው የማይታይበት ቦታ ጥላ ነው። ዝቅተኛው የ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ የገደሉን ጠርዝ ታጥፎ ትንሽ ይወርዳል፤ 1800 እና 2100 ግን ብዙም አይታጠፉም። የጀማ ሸለቆን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ማማው ልክ ከራሳችሁ በላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት አፋፉ ላይ ቆሞ ሳለ አይሰማችሁም፤ ከሸለቆው ማዶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግን ፊት ለፊት ስለሚያያችሁ ይሰማችኋል። ስለዚህ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የሚፈልግ ሰው ከገደሉ ግርጌ ይራቅ፣ ፊቱን ወደ ማዶው ያዙር። የአካባቢው ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እረኞቹን ብትጠይቁ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚሠራ ያሳዩአችኋል፤ የእነሱ ምክር ከማንኛውም የሽፋን ካርታ ይበልጣል።

ሁለት ነገር እንግዳውን ያደናግራል። አንደኛው፣ ኔትወርኩ ሞልቶ እያሳየ ጥሪው አልወጣ የሚልበት ነው። በ2ጂ አሠራር ማማው የስልኩን መልስ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ወደ ርቀት ሲቀየር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ከዚያ የራቀ ማማ ብታዩ ምልክቱ ይደርሳችኋል፤ የእናንተ መልስ ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ አይቀበለውም። እዚያ ቦታ ደጋግሞ መደወል ባትሪ መጨረስ ነው፤ ጥቂት ወረድ ብላችሁ ቅርቡን ማማ ፈልጉ። ሁለተኛው፣ ውድ ስማርት ስልክ ዝም ሲል የአጎታችሁ ባለ በተን ስልክ የሚሠራበት ነው። ባለ በተኑ በ2ጂ 900 ሲደውል እስከ 2 ዋት ድረስ ኃይል ይለቃል፤ 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ግን 0.2 ዋት ገደማ ብቻ። ማማው ለሁለቱም ይጮኻል፤ መልሶ የሚሰማው ግን ጮክ ብሎ የሚመልሰውን ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሞባይል ኔትወርክ፣ ቀጥሎም ተመራጭ የኔትወርክ ዓይነት የሚለውን 2ጂ ብቻ ቢያደርገው ድምፁ ይገኛል፤ ባትሪውም 3ጂና 4ጂ ሲፈልግ አያልቅም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች 8028 መስመር በድምፅና በቁጥር ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ መዘርጋቱ ትክክል ነበር የምንለውም ለዚህ ነው፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅ፣ ማንበብም አይጠይቅ።

ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከቆርቆሮው ሥር ውጡ። መልእክት ከላካችሁ ደግሞ አሳጥሩት፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ በየ67ቱ ተቆራርጦ ይሄዳል፤ ኔትወርኩ በሳሳበት ቦታ አንዱ ቁራጭ ሲቀር ሙሉው ሳይነበብ ይቀራል። ረጅም ሰላምታውን ለጥሪ አቆዩት። አሮጌ ቀፎ ደግሞ የአማርኛውን ፊደል ባዶ ሳጥን አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ልካችሁ በስልክ ጠይቁ።

የመብራት ጉዳይ ከኔትወርኩ ይብሳል፤ ረዘም አድርገን የምንጽፈውም ለዚህ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን ከተማ ውስጥ ነው። የአንዱን ሱቅ መደርደሪያ ጠጋ ብለን አይተናል፦ ሃያ የሚሆኑ ቀፎዎች ተደርድረዋል፣ ጀርባቸው ላይ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል፤ ባትሪያቸው ወልቆ ለብቻው በሁለት ሹል የብረት ጥርስ ተይዞ የሚሞላም አለ። አገልግሎቱ ርካሽ ነው፣ እምነቱም የሚያስደንቅ ነው፤ ሰው ስልኩን ጥሎ ገበያውን ጨርሶ ይመለሳል። ባትሪውን በጥርስ ይዞ የሚሞላው ቻርጀር ግን አይመከርም። ባትሪው ሲሞላ በደንብ አያቋርጥም፤ ባትሪውን አሙቆ ያሳብጠዋል። የቀፎው ክዳን አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና አትጫኑት፣ ቀይሩት።

ለቤተሰብ ሶላር ገዝቶ መሄድ የተለመደ ስጦታ ሆኗል፤ ጥሩ ነው፣ ስሌቱን ግን የሚያስብ የለም። 10 ዋት ፓነል ጥር ላይ በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 50 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሲሶው በመንገድ ይባክናል። የቀረው 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያላቸውን ባለ በተን ስልኮች ከስድስት እስከ ስምንት ይሞላል፤ 5,000 የሆነውን ስማርት ስልክ ግን አንዱን ሞልቶ ሁለተኛውን አይጨርስም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ መብራትም ስልክም ለሚፈልግ ቤት ከ30 ዋት አትቀንሱ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል፤ ጠፍጣፋ ከተኛ ጉድፍና ውኃ ይይዛል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ አንድ ጥግ ላይ ቢያርፍ እንኳ የሙሉው ፓነል ጉልበት ክፉኛ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሽቦው ላይ ነው። ሻጩ የቤት መብራት የሚዘረጋበትን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሰጣል። በ12 ቮልት 5 አምፔር 10 ሜትር ሲሄድ ከአንድ ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ይቀራል፤ ባትሪው ደርሶ አይሞላም፣ ሰውም «ሶላሩ ፎርጅድ ነው» ይላል። በ4 ሽቦ ያ ኪሳራ ከግማሽ ቮልት በታች ነው። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሳያልቅ ማቆም አለበት፤ ሳይሠራ አርፎ 12.1 ቮልት ካሳየ ይበቃዋል። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ ውርጭ ሲጥል ስልኩን በርኖስ ውስጥ ይዞ ማደር ልማድ ብቻ አይደለም፤ ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ይቀንሳል፣ ዜሮ ዲግሪ ደርሶ ሳለ ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል። ማለዳ ላይ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሰካ።

የሞባይል ገንዘብ ለገጠሩ ከመጡት አገልግሎቶች ሁሉ ትልቁ ነው ብለን እናምናለን። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን በ*127# ጭምር መሥራቱ ባለ በተኑን ስልክ ከጨዋታው አላስወጣውም። የምንነቅፈው ወኪሎቹ ጋ ያለውን ነው። ወኪል ብር ለመስጠት ጥሬ ገንዘብ፣ ብር ለመቀበል ደግሞ በስልኩ ላይ ያለ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ አብረው አይሞሉም። ገበያ ቀን ጠዋት ሁሉም ማውጣት ስለሚፈልግ ጥሬው ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ በግና ጤፍ የሸጠው ማስገባት ስለሚጀምር ጥሬው ይመለሳል። ልታወጡ ከሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ።

በኮድ ስትልኩ መሐል ላይ ገጹ ቢጠፋ አትድገሙት። ኔትወርኩ የተቋረጠው ትዕዛዙ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፣ ካልቀነሰ ብቻ ድገሙ። ሁለት ጊዜ ልኮ የሚያለቅሰው ሰው ብዙ ነው። «በስህተት ብር ገብቶልሃል፣ መልስልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣም እንዲሁ፦ መልእክቱን ሳይሆን ሒሳቡን እዩ።

ያላስደሰተን ነገር አንድ ወኪል ጋ ያየነው ነው፦ «እማማ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» ተብለው አዛውንቷ ሚስጥር ቁጥራቸውን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ሰውየው ቸኩሎ እንጂ ክፉ አስቦ አይመስለንም፤ ልማዱ ግን አደገኛ ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም ቁጥሩን ራሱ ማስገባት ይችላል፤ የአብዛኛው ባለ በተን ስልክ 5 ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። አውራ ጣትን እዚያ አሳርፎ አንድ ወደ ላይ 2፣ አንድ ወደ ታች 8፣ ወደ ግራ 4፣ ወደ ቀኝ 6 እያሉ ማለማመድ ነው። ከእነዚህ አምስት ቁልፎች የሚወጣ ሚስጥር ቁጥር ምረጡላት፤ ሃያ ጊዜ ያህል ብትለማመደው እጇ ያስታውሰዋል።

የጥገና ሱቆቹን ማመስገን አለብን። የቻርጅ መሰኪያ መቀየር፣ ድምፅ ማጉያ መጥረግ፣ የረጠበ ቀፎ ፈትቶ ማድረቅ፣ ሁሉንም በአንድ ብየዳ ብረትና በአንድ ጥርስ ብሩሽ ይሠራሉ። የጤፍ ብናኝ የደፈነውን መሰኪያ በስፒል አትጎርጉሩት፣ ለእነሱ ስጡት።

ኔትወርክ ሲጠፋ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ «ኔትወርክ የለም» ብሎ መዝጋት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ ሰዓቱን ንገሩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዴት እንደሚጠፋ። መብራት ከሄደ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የማማው ባትሪ ደክሟል። መብራት እያለ ከባድ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከጠፋ ማማውን ከማማ የሚያገናኘው የማይክሮዌቭ መስመር ነው። ምልክቱ ሞልቶ ምሽት ላይ ብቻ ጥሪ አልወጣ ካለ መስመሩ ለሕዝቡ አልበቃም። ሦስቱም የሚፈልጉት ባለሙያ የተለያየ ነው፤ የመጣው ቴክኒሽያን የተሳሳተውን ዕቃ ይዞ ከመጣ እስኪመለስ ሳምንት ያልፋል። ከቤተሰቡ አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ለአንድ ወር የጠፋበትን ሰዓትና የመብራቱን ሁኔታ ይመዝግብ፤ ሲደውል ያንን ያንብብላቸው።