ለባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪነት፦ በጣና በኩል ወይስ በቀጥታ ወደ ውጭ?

ከጎጃም ተነሥቶ የባሕር ሥነ ሕይወትና ጥበቃ ተመራማሪ ለመሆን የሚሻ ተመራቂ ሁለት አማራጮች አሉት፤ አንደኛው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብት ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪውን መሥራት ሲሆን፣ ሌላው በቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እንደሚሰጠው የሁለት ዓመት የባሕር ሀብት ማስተርስ ላለ ፕሮግራም ተወዳድሮ በቀጥታ ወደ ውጭ መሄድ ነው።

የውጭው ጥቅም ግልጽ ነው፤ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ኮራልንም (በባሕር ወለል ላይ ድንጋይ መሰል ቅርጽ የሚገነቡትን ጥቃቅን እንስሳት) ሆነ የባሕር ሣርን እዚህ ሆኖ በመስክ ማጥናት አይቻልም።

የጣናው መንገድ ግን ከሚሰጠው ግምት እጅግ ይልቃል። በሐይቁ ከሚኖሩት 15 ላቤዮባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም፤ ከፊሎቹም በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ስለሚወጡ፣ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ እንቁላል የያዙትን ዓሦች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ያስቀራቸዋል። በጠዋት መረቡ ሲወጣ የእያንዳንዱን ዓሣ ርዝመት የለካ፣ ሆዱን ከፍቶ የእንቁላሉን ብስለት የመዘገበና ማጥመድ መቼና የት ሊከለከል እንደሚገባ ከአጥማጆች ጋር የመከረ ተማሪ፣ በባሕር ላይም የሚያስፈልገውን የዓሣ ክምችት ጥናት (በውኃው ውስጥ ያለውን የዓሣ ብዛትና ሁኔታ መገመት) በእጁ ሠርቶ ይማራል።

ስለዚህ ዓሣ ላይ ለሚያተኩር ሰው ከጣና ጀምሮ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ባሕር መሻገርን እመርጣለሁ፤ ልቡ ኮራል ላይ ያረፈ ግን ሳይዘገይ ለውጭ ያመልክት፣ ዋናንም ከአሁኑ ይለማመድ።