ለጠንካራ ውሃ የሚሆን የቤት ውስጥ ሳሙና፦ የትኛው ዘይት ይሻላል?

ሳሙናው ብታሹት ብታሹት አረፋ ካላወጣ፣ የመታጠቢያው ጠርዝ ላይም ነጭ ዝቃጭ ከተጋገረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ነው፤ እንዲህ ያለው ውሃ ጠንካራ ውሃ ይባላል። በውሃው ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሳሙናው ጋር ተያይዘው የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ እነሱ እስኪያልቁ ድረስ የሚያልቀው ሳሙና ለእነሱ ቀለብ ነው። ጉዳቱ ግን በሁሉም ሳሙና ላይ እኩል አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው የምትገዙት ዘይት ነው።

ከወይራ ዘይት ብቻ የተሠራ ሳሙና ቆዳ አያደርቅም፣ ስሙም በከንቱ የገነነ አይደለም። ለጠንካራ ውሃ ግን አልመርጠውም። በጥሩ ውሃም ቢሆን አረፋው ትንሽና የሚያሟልጭ ነው፤ ጠንካራ ውሃ ሲገጥመው ያችኑም ያጣታል። በዚያ ላይ ደርቆ ለአገልግሎት እስኪበቃ ወራት ይፈልጋል።

ሞራና የፓልም ዘይት ጠንካራ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳሙና ይሰጣሉ። ዝቃጩም ከእነሱ ጋር ይበዛል።

የኮኮናት ዘይት እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ስለሆነ ሳሙናው በቀላሉ ይሟሟል፣ በባሕር ውሃ እንኳ አረፋ ያወጣል፤ መርከበኞች የሚታጠቡበት ሳሙናም ከእሱ ይሠራ ነበር። ችግሩ ማጽዳቱን ያበዛዋል፤ የቆዳን ወዝ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ብቻውን ለገላ የሚሠሩት ሰዎች እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ዘይት ወደ ሳሙና ሳይለወጥ እንዲቀር ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠውን ኮስቲክ ሶዳ የሚቀንሱት ለዚህ ነው። የፓልም ፍሬ ዘይት (ከተራው የፓልም ዘይት ይለያል) በእሱ ቦታ ሊገባ ይችላል።

እኔ የምመርጠው ቅልቅሉን ነው፦ 500 ግራም ኮኮናት፣ 400 ግራም ወይራ፣ አረፋው እንዲበረክት 100 ግራም የጉሎ ዘይት። 8 በመቶው ዘይት ትርፍ እንዲሆን 146 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይበቃዋል። አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉትን ጨምሩ፦ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ። ከኮስቲክ ሶዳው ጋር ሲገናኝ ሶዲየም ሲትሬት ይሆናል፣ ይህም ካልሲየሙን ቀድሞ ይይዘዋል። አሲዱ 12.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ስለሚበላ ጠቅላላው ወደ 158 ግራም ይደርሳል። ይህን ጭማሪ የረሳ ሰው ሳሙናው ቅባት በቅባት ይሆንበታል። አሲዱን አስቀድማችሁ በተጣራ ውሃ አሟሙት፤ ከዚያ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ኮስቲክ ሶዳውን ቀስ በቀስ ውሃው ላይ ጨምሩ፣ ውሃውን እሱ ላይ በፍጹም አታፍስሱ። የአሉሚኒየም ዕቃም አይሆንም፣ ይበላዋል።

ለልብስ ከሆነ ትርፍ ዘይት አያስፈልግም፤ ሁሉንም ከኮኮናት ሥሩት፣ ማጠቢያው ውሃ ላይም ቀድማችሁ ሶዲየም ካርቦኔት በትኑበት። ካልሲየሙን ያዘቅጠዋል።

መሥራቱ የማይመቸው ሰው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሲገዛ መለያውን ያንብብ። ሶዲየም ኮኮኤት ከፊት ከተጻፈ ኮኮናቱ በርከት ያለ ነው። ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት የሚለው ግን በኬሚካላዊ ትርጉሙ ሳሙና አይደለም፤ ከካልሲየም ጋር ዝቃጭ ስለማይሠራ ውሃው እጅግ የከፋ ከሆነ ከማንኛውም የቤት ሳሙና ይበልጣል።

ውሃችሁን ለመፈተሽ በሁለት ጠርሙስ አንዱን የቧንቧ፣ ሌላውን የዝናብ ውሃ እኩል ሙሉ፤ ጥቂት የሳሙና ፍርፋሪ ጨምራችሁ በደንብ ናጡ። የቧንቧው አረፋ ሳያወጣ ከደፈረሰና ነጭ ብናኝ ከተንሳፈፈበት፣ ሲትሪክ አሲዱን አትዝለሉት።