ጎንደር ላይ መኪና መከራየት፣ መግዛትና ማስመርመር፦ ከጀርመን ለጥምቀት የመጣ ሰው አስተያየት

ለጥምቀት ጎንደር በመጣሁበት ጊዜ ከመኪና ጋር የተያያዙ ሦስት አገልግሎቶችን ተጠቅሜያለሁ፤ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቻለሁ፣ ለእህቴ ቤተሰብ ያገለገለ መኪና በደላላ በኩል አፈላልጌያለሁ፣ ከመግዛታችን በፊትም መኪናውን ጋራዥ አስገብቼ አስመርምሬያለሁ። ከሦስቱ ቅር ሳይለኝ የከፈልኩት ለመጨረሻው ነው፤ የሚያስገርመው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ የጠየቀኝም እሱ መሆኑ ነው።

ስለ ኪራዩ ብዙ የምለው የለኝም። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ዋጋው መወደዱን አልቃወምም፤ ነገር ግን በስልክ የተነገረኝ ዋጋ ነዳጁንም የሹፌሩን አበልም እንደማይጨምር የተነገረኝ መኪናው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ሁለቱ በማን ወጪ እንደሆኑ አስቀድሞ ማጻፍ ይገባል። ሹፌሩን ግን ማመስገን አለብኝ፤ ወደ ጎርጎራ ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላሉ ሰዎች ደውሎ ሳያረጋግጥ ሞተር አያስነሳም ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ የሹፌር ሙያ አላውቅም።

ወደ ግዢው ስመጣ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በዋጋው ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ በሚል ስም የተሸጠው፣ እኛ ቪትዝ የምንለው ትንሽ ቶዮታ ሃያ ዓመት ሲሞላው ጀርመን ውስጥ በጥቂት ሺህ ዩሮ የሚሸጥ ሲሆን፣ ጎንደር ላይ ግን ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይጠየቅበታል፣ ባለቤቱም ይህን ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ምክንያቱ የሻጭ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አከበደው፤ በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና በአዲስ የማይተካ ሀብት ሆኗል፤ መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝለት ቶዮታ ደግሞ ባለቤቱ በቸገረው ቀን ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለወጥለት ነው። በእኔ እምነት የጎንደር ገዢ ለፍጥነት ወይም ለምቾት ሳይሆን ለዚህ ዋስትና ነው የሚከፍለው፤ ሒሳቡም ከጀርመኑ የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም።

ደላላው ያሳየን መኪኖች በርካታ ነበሩ፤ ሁሉም «የሴት ልጅ መኪና»፣ ሁሉም «ሞተሩ ያልተነካ» ነበሩ። ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን መቀበሉን አልነቅፍም፤ የነቀፍኩት እኔ አጠገቡ ስቆምና የእህቴ ባለቤት ብቻውን ሲጠይቀው የሚናገረው ዋጋ መለያየቱን ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱን ቤት አስቀምጦ ቢደራደር ይሻለዋል።

ያስመረመርንበት ጋራዥ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ፣ ምልክት እንኳ የሌለው ግቢ ነው። ሜካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ፣ መኪናው እንደደረሰ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት መዳፋቸውን አኖሩበትና «አሙቀው ነው ያመጡልን፤ እዚህ ይደርና ጠዋት ሳይነሳ እናየዋለን» አሉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨፈግግም መኪናው አደረ። በማግስቱ በብርድ ሲያስነሱት ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ሲከፍቱትም እንፋሎቱ እየተገፋ ይወጣ ነበር፤ ይህም የፒስተን ቀለበቶቹ መዳከማቸውን ያሳያል። ቆጣሪው ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በታች ቢያሳይም የፍሬኑ ፔዳል ጎማ አልቆ ብረቱ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ያንን ትተን ሌላ አመጣን፤ የሁለተኛውን የበር ላስቲክ ነቅለው ተጋጭቶ የተጠገነ አለመሆኑን ለማወቅ የፋብሪካውን ብየዳ አዩ፣ በመጨረሻም ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን አቀበት አራት ሰው ጭነው አስወጡት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በአየር መሳሳት የተነሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ደካማ ሞተር ሜዳ ላይ የደበቀውን እዚያ ዳገት ላይ ይናዘዛል። ሁለተኛው በፍሪሲዮን በኩል ትንሽ ከመድከሙ በቀር አለፈ፤ የጥገናው ወጪም ከዋጋው ላይ ተቀነሰልን።

የወረቀቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይን ማመሳከር፣ መኪናው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እግድ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቦሎው ያላለፈበት መሆኑን ማየት፣ ከዚህ በፊት ደግሞ ቀብድ አለመክፈል ነው። ደላላው «ቀብዱን ጣል አድርጉና ሌላ ሰው እንዳይቀድማችሁ» እያለ ሲያዋክበን የእህቴ ባለቤት ዝም ብሎ ቡናውን ይጠጣ ነበር፤ መኪናውን ማንም አልቀደመንም።

የመኪና ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሳው ክርክር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። እኔ በመርህ ደረጃ ደጋፊ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ የጎንደር ከፍታ አያዳክመውም፣ እንደ ሊማሊሞ ያለ ረጅም ቁልቁለትም ፍሬን ከማቃጠል ይልቅ ባትሪውን መልሶ ይሞላለታል። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖርና አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ መመላለስ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ዛሬ እንዲገዛው አልመክርም። ለሜካኒኩም አንድ ያገለገለ ቢዋይዲ (የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና) ቢያዩልን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ «የባትሪውን ጤና የሚለካ መሣሪያ የለኝም፤ ያላየሁትን ደህና ነው ብዬ ገንዘብ አልቀበልም» ብለው መለሱኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና የሚፈልግ ሰው የባትሪው ቀሪ አቅም የተለካበትን ወረቀት ሻጩ አዲስ አበባ አስመርምሮ እንዲያመጣለት ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ለቤንዚን ቶዮታ ግን እኚህ ሰው ይበቃሉ፤ ከተቻለም መኪናውን ከዋዜማው አስረክቧቸው።